«ጀርሙ መድኃኒት ለምዷል ተባልኩ፤ የመገጣጠሚያ መድኃኒቴን ላቁም?»

በዚህ እትም ሁለት ደብዳቤ ይዤ መጥቻለሁ። አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር። ረጅሙን ትንሽ ቆርጬዋለሁ፤ ቃሉ ግን የጸሐፊዋ ነው።

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ58 ዓመት ሴት ነኝ። ሩማቶይድ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) ካለብኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን፣ ከእሱ ጋር ፎሊክ አሲድ፣ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በየቀኑ እወስዳለሁ። የታዘዘልኝ ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊ ግራም ነው። እጄ ሲብስብኝ ግን እኔው ራሴ 10፣ አንዳንዴም 15 አደርገዋለሁ።

ባለፈው ዓመት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተመላለሰብኝ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ተሰጠኝ፣ ተሻለኝ፣ ተመለሰ። ደግሞ ተሰጠኝ። በመጨረሻ ሽንቴ ካልቸር ተደረገና (ጀርሙ በላቦራቶሪ ተለይቶ) «ኢ ኮላይ፣ ኢኤስቢኤል» የሚል ወረቀት መጣ። ሐኪሙ «ጀርሙ መድኃኒት ለምዷል» አለኝ። ፔኒሲሊን እንደማይስማማኝም ነገርኩት፤ ልጅ ሆኜ ሽፍታ ወጥቶብኝ እንደነበር እናቴ ትናገር ነበር። ናይትሮፉራንቶይን ሰጠኝና ዳንኩ።

ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። መድኃኒት በለመዱ ጀርሞች በዓለም ላይ በአንድ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደሞተ አነበብኩ። የእኔ ሰውነት ደግሞ በመድኃኒት ተዳክሟል። ስለዚህ ማንንም ሳላማክር ሜቶትሬክሴቱን ተውኩት። አሁን እጆቼ አብጠዋል፤ ፕሬድኒሶሎኑን ጨመር አድርጌ ነው የምውለው። እህቴ ከእሷ የተረፈ ኮትሪሞክሳዞል የሚባል አንቲባዮቲክ ሰጥታኛለች፤ «ሲጀምርሽ ቶሎ ዋጪው» ብላ። መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ልክ ነው ያደረግኩት? ሰውነቴ አንቲባዮቲክ ለምዷል ማለት ነው? ሽንቴን በየወሩ ላስመርምር? ቤተሰቤንስ አስይዛቸው ይሆን? ስሜ ይቆይ።

መልስ፦

ከሁሉ በፊት ኮትሪሞክሳዞሉ። አይውጡት። ወደ መድኃኒት ቤት ይውሰዱትና እንዲያስወግዱልዎ ይስጧቸው። መሳቢያው ውስጥ ግን አይደር። ሌሊት ሕመሙ ሲነሳ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነውና።

ሜቶትሬክሴት ሴሎች ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። ኮትሪሞክሳዞል ውስጥ ያለው ትራይሜቶፕሪምም የሚያግደው ያንኑ መንገድ ነው። በዚያ ላይ ኮትሪሞክሳዞል ሜቶትሬክሴት በኩላሊት በኩል እንዳይወጣ ያዘገየዋል። ሁለቱ ከተገናኙ የአጥንት መቅኒ ደም መሥራት ሊያቅተው ይችላል። ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፣ አፍ ይቆስላል፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ይበልዛል። በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። «አቁሜዋለሁ እኮ» እንዳይሉኝ። ሜቶትሬክሴት ሴል ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት የሚቆይ መድኃኒት ነው። ደግሞም ኢኤስቢኤል ያለው ኢ ኮላይ ብዙ ጊዜ ኮትሪሞክሳዞልንም የለመደ ነው። አደጋውን ተሸክመው ጥቅሙን ላያገኙት ይችላሉ። እህትዎን አይቆጧት፤ በደግነት ነው ያደረገችው። ግን ለእሷ የተመረጠ መድኃኒት ለእርስዎ አልተመረጠም።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ልናገር። ፋርማሲስት ነኝ። ራሴም ሩማቶይድ አርትራይተስ አለብኝ፤ ሰኞ ሰኞ ሜቶትሬክሴቴን እውጣለሁ። የጻፉት ፍርሃት ለእኔ እንግዳ አይደለም።

ሰውነትዎ ምንም አልለመደም። የለመደው ባክቴሪያው ነው። ኢኤስቢኤል የሚባለው ባክቴሪያው የሚያመርተው ኢንዛይም ነው። ሥራው እንደ መቀስ ነው፤ የፔኒሲሊን ዘመዶችንና እንደ ሴፍትሪያክሶን ያሉ መድኃኒቶችን ቆርጦ ከጥቅም ውጭ ያደርጋቸዋል። ሁሉንም መድኃኒት ግን አይቆርጥም። ናይትሮፉራንቶይን እርስዎን የፈወሰው በሌላ መንገድ ስለሚሠራ ነው። ፎስፎማይሲንም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ወይም ወደ ደም ከሄደ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ በመርፌ የሚሰጡ እንደ ሜሮፔኔም ያሉ አሉ። «መድኃኒት ለምዷል» ማለት የተለመዱት አይሠሩም ማለት ነው። መድኃኒት አልቋል ማለት አይደለም።

ያነበቡት ቁጥር እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በቀጥታ በዚህ ምክንያት የሞቱት ወደ 1.27 ሚሊዮን ይገመታሉ። ግን አብዛኛው ሞት የመጣው ከሳንባ፣ ከደምና ከሆድ ውስጥ ኢንፌክሽን ነው። የእርስዎ ፊኛ ላይ ነበር፣ ተለይቶ ታወቀ፣ በሚውጡት እንክብል ዳነ። ነገሩን አቅልዬ አይደለም። ፍርሃቱ ልኩን ይያዝ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ሜቶትሬክሴቱ። ረዘም አድርጌ የምጽፈው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ነገሩን እንዲህ ያስበዋል። መድኃኒቱ መከላከያዬን ያዳክማል፣ ስለዚህ ካቆምኩት እጠነክራለሁ። ጉዳዩ ግን ወዲህ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ራሱ፣ በተለይ ሳይገራ ሲቀር፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። መከላከያው የገዛ መገጣጠሚያውን ሲያጠቃ ውሎ ጀርም ሲመጣ በደንብ አይሠራም። በዝቅተኛ መጠን በሳምንት አንዴ የሚወሰድ ሜቶትሬክሴት የሚጨምረው አደጋ መጠነኛ ነው። ከያዟቸው መድኃኒቶች ውስጥ እኔን የሚያሳስበኝ ፕሬድኒሶሎኑ ነው። የእሱ አደጋ ከመጠኑ ጋር አብሮ ይወጣል። 5 ሚሊ ግራምም ቢሆን ባዶ አይደለም። ከ10 ሲያልፍ ደግሞ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። የአውሮፓም የአሜሪካም የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ ሕክምና) ማኅበራት እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ በአነስተኛ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ይሁን የሚሉት አለ ምክንያት አይደለም።

እርስዎ ያደረጉትን እንየው። አደጋው አነስ ያለውን አቆሙ። ሕመሙ ተነሳ። ሕመሙን ለማስታገሥ አደጋው የሚበልጠውን ጨመሩ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ኢንፌክሽን ፈርተው ለኢንፌክሽን ይበልጥ ተጋለጡ። ሜቶትሬክሴቱ በደንብ ቢሠራ ኖሮ ፕሬድኒሶሎኑን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ምናልባትም መተው ይቻል ነበር። 5 ሚሊ ግራም ይዘውም እጅዎ ደጋግሞ እየባሰ ከሆነ ሕክምናው አልበቃም ማለት ነው። ይህን ለመገጣጠሚያ ሐኪምዎ በግልጽ ይንገሩት። «እየጨመርኩ ነው የምውጠው» ማለት ያሳፍራል፤ አውቃለሁ። ካልነገሩት ግን ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ 5 አይቶ «ደህና ናት» ብሎ ያልፋል።

ግን ልብ ይበሉ፤ ይህን አንብበው ፕሬድኒሶሎኑን በድንገት እንዳያቆሙት! ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ የራሱን ሆርሞን መሥራት ይተዋል። በአንድ ጊዜ ከተቋረጠ የደም ግፊት ወርዶ ሕይወት ያሰጋል። በተለይ ሲታመሙ አይቋረጥም፤ እንዲያውም በከባድ ሕመም ጊዜ ሐኪም ሊጨምረው ይችላል። የሚቀንሰውም የሚጨምረውም ሐኪሙ ነው።

ሜቶትሬክሴቱንም ነገ ጠዋት ራስዎ አይጀምሩት። ይደውሉ፣ መቼ እንዳቆሙት ይንገሩ፣ የደም ሴል፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ይጠይቁ። ሲጀምሩም በሳምንት አንድ ቀን ነው። ይህን ቃል ሁልጊዜ እደጋግመዋለሁ፤ በስህተት በየቀኑ የተወሰደ ሜቶትሬክሴት ሰው ይገድላል።

ሜቶትሬክሴት ለጊዜው የሚቆምበት ጊዜ አለ። ትኩሳት ያለበት ወይም አንቲባዮቲክ የሚፈልግ ኢንፌክሽን ሲይዝ ብዙ ሐኪሞች እስኪድን ድረስ ያስቆሙታል። እንደ አዳሊሙማብና ኢታነርሴፕት ያሉ በመርፌ የሚሰጡ ባዮሎጂክ መድኃኒቶችም፣ እንደ ቶፋሲቲኒብ ያሉ እንክብሎችም እንዲሁ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል። እርስዎ ካደረጉት የሚለየው፣ ይህ ማቆም መጨረሻው የታወቀ መሆኑ ነው። ቀጣዩ ቀጠሮዎ ላይ «ኢንፌክሽን ሲይዘኝ የትኛውን ላቁም፣ መቼ ልጀምር?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ያጽፉ። በሕመም መሃል ስልክ ከመፈለግ ያድናል።

ኢንፌክሽኑ ቢመለስስ? ከመጀመሪያው እንክብል በፊት የሽንት ናሙና ይስጡ። አንቲባዮቲክ ከተዋጠ በኋላ የሚሰጥ ናሙና ብዙ ጊዜ ጀርሙን አያሳይም። ያኔ ሐኪሙ በግምት ነው የሚሄደው። የእርስዎ ታሪክ ላለው ሰው ግምት አይበቃም። ያለፈውን የካልቸር ውጤት ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡት፤ የትኛው መድኃኒት ሠራ፣ የትኛው አልሠራም የሚለው ወረቀት ላይ አለ። ለድንገተኛ ሐኪም ከዚያ የበለጠ ስጦታ የለም። ናይትሮፉራንቶይን የሚሠራው ፊኛ ላይ እንደሆነም ይወቁ። ኩላሊት ድረስ ለደረሰ ኢንፌክሽን አይሆንም፤ ኩላሊት ሲደክምም አይመረጥም።

ሲፕሮፍሎክሳሲን ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ ጅማት ሊበጥስ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2008 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስጽፎበታል። አደጋው ከ60 ዓመት በላይ ባሉና ስቴሮይድ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይበልጣል። እርስዎ ወደ 60 ተጠግተዋል፤ ስቴሮይድም ይወስዳሉ። የግድ ካስፈለገ ይወሰዳል፤ ተረከዝ ላይ ሕመም ሲጀምር ግን ያኔውኑ መደወል ነው።

ፔኒሲሊኑ ደግሞ ቀላል የማይባል ጉዳይ ነው። ከ100 ሰው ወደ 10 የሚሆነው «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ይላል። በአግባቡ ሲመረመሩ ግን ከእነዚህ ውስጥ ከ10ሩ 9ኙ ችግር የለባቸውም። የልጅነት ሽፍታ ብዙ ጊዜ ከቫይረስ የመጣ ነው። እውነተኛ አለርጂ ከነበረባቸውም ብዙዎቹን በዓመታት ውስጥ ይተዋቸዋል። ጉዳቱ ምንድን ነው ካሉ፣ ፋይልዎ ላይ ያለችው ያቺ አንድ መስመር አንድ ሙሉ የመድኃኒት ቤተሰብ ትዘጋብዎታለች። ሐኪሙ ወደ ሰፊና ከባድ አንቲባዮቲክ ይገፋል፤ እነሱ ደግሞ ተጨማሪ ጀርም ያስለምዳሉ። ምርጫዎ በጠበበበት ሰዓት የአለርጂ ምርመራ ማድረግ ከምመክርዎ ነገሮች ዋነኛው ነው። ራስዎ ቤት ውስጥ ውጠው እንዳይሞክሩት ብቻ። ምርመራው ሐኪም ባለበት ነው።

ሽንትዎን በየወሩ አያስመርምሩ። ይህ ያስገርምዎ ይሆናል። በዕድሜ የገፉ ብዙ ሴቶች ፊኛቸው ውስጥ ምንም ሳያማቸው ባክቴሪያ ይዘው ይኖራሉ። ማቃጠል፣ መጣደፍ፣ ትኩሳት ከሌለ ያ በሽታ አይደለም። በእርግዝና ጊዜና ከአንዳንድ የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምናዎች በፊት ካልሆነ በስተቀር አይታከምም። ግን ወረቀት ላይ «ባክቴሪያ ተገኝቷል» ከተጻፈ ታማሚውም ይፈራል፣ ሐኪሙም አንቲባዮቲክ ለመጻፍ ይፈተናል። ጀርም የሚለምደው እንዲህ ባለው ሳያስፈልግ በተዋጠ መድኃኒት ነው።

ከዚያ ይልቅ መመላለሱን መቀነስ ይሻላል። ወር አበባዎ ከቆመ፣ በብልት ውስጥ የሚቀባ አነስተኛ የኢስትሮጅን ቅባት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መመላለስን እንደሚቀንስ በጥናት የተረጋገጠ ነው። ጀርም አያስለምድም፣ አንቲባዮቲክም አይደለም። ሴቶች ስለማይጠይቁ፣ ሐኪሞችም ስለማያነሱ ብዙዎች ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ። ይጠይቁ። የጡት ካንሰር ታሪክ ካለዎት ግን መጀመሪያ ያንን ይንገሩ።

ክትባትም አለ። የኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ፣ የሳንባ ምች፣ የአልማዝ ባለጭራ። ያልያዘዎት ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ አይጠይቅም። ሜቶትሬክሴት ለኢንፍሉዌንዛ ክትባት የሚሰጠውን ምላሽ ስለሚቀንስ፣ በሽታው ከተረጋጋ ከክትባቱ በኋላ ለሁለት ሳምንት እንዲቆም የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ ይመክራል። ሕያው ጀርም ያለባቸውን፣ ለምሳሌ የቢጫ ወባን፣ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይከተቡ።

ሲታዩ ቆይቶ መጠበቅ የማይገባባቸው ምልክቶች አሉ። ትኩሳት ከብርድ ብርድ ማለት ጋር፣ ከጎድን በታች ጀርባ ላይ ሕመም፣ ማስታወክ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ግራ መጋባት። እነዚህ ሲመጡ በዚያው ሰዓት ሕክምና ነው። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ሊደብቅ ይችላል። ቶሲሊዙማብ የተባለውን ባዮሎጂክ መድኃኒት የሚወስዱ አንባቢዎች ደግሞ ትኩሳቱም፣ በደም ምርመራ የሚታየው የብግነት መለኪያ ሲአርፒም ሳይነሳ ከባድ ኢንፌክሽን ሊኖርባቸው እንደሚችል ይወቁ። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ «ደህና ነሽ» ቢልም ሰውነትዎ «ደህና አይደለሁም» ካለ ሰውነትዎን ይመኑ።

እኛ ይህ በሽታ ያለብን ሰዎች በተለይ የምንታለልበት አንድ ምልክት አለ። ሁልጊዜ የሚያመን እጅና እግር ስለሆነ፣ አንድ ጉልበት ድንገት ቢያብጥ «ያው በሽታዬ ተነሳ» እንላለን። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ቢሞቅ፣ ቢቀላ፣ መታጠፍ ቢያቅተው፣ ውስጡ ባክቴሪያ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስ ነው፤ ከእሱም መድኃኒት የለመደ ዓይነት አለ። ልም አጥንቱን በቀናት ውስጥ ይበላዋል። ፕሬድኒሶሎን ጨምሮ መጠበቅ አይገባም። በመርፌ ፈሳሹ ተቀድቶ መመርመር አለበት፣ በተቻለ መጠን ከአንቲባዮቲክ በፊት። ሰው ሠራሽ ጉልበት ወይም ዳሌ ያለው ሰው ደግሞ እጥፍ ይጠንቀቅ።

ቤተሰብዎን አቅፈው ይሳሙ። ኢኤስቢኤል ያለው ኢ ኮላይ አንጀት ውስጥ ዝም ብሎ መኖር ይችላል፤ በጤናማ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ምንም አያደርግም፤ ከብዙ ሰዎችም ከወራት በኋላ በራሱ ይጠፋል። ከሽንት ቤት በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ በቂ ነው። ዕቃ መለየት፣ አልጋ መለየት አያስፈልግም። ሆስፒታል ሲገቡ ግን ይህን ጀርም ይዘው እንደነበር ይናገሩ፤ ሌሎች ሕሙማንን ለመጠበቅም፣ ትክክለኛው መድኃኒት ቶሎ እንዲጀመርልዎም።

ሁለተኛው ደብዳቤ፦

ለሩማቶይድ አርትራይተስ ሰልፋሳላዚን ታዘዘልኝ። ጓደኛዬ «እሱ እኮ ሰልፋ ነው፤ በየቀኑ አንቲባዮቲክ እየወሰድክ ነው፤ ጀርም ታስለምዳለህ» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦

ጓደኛህ ከየት እንዳመጣው ይገባኛል። ሰልፋሳላዚንን የሠራችው ናና ስቫርትስ የተባለች ስዊድናዊት ሐኪም ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ። ያኔ የመገጣጠሚያ ብግነት ከኢንፌክሽን ይመጣል የሚል ግምት ስለነበር ሰልፋ የሚባለውን የአንቲባዮቲክ ዓይነት ከአስፕሪን ዘመድ ጋር አጣመረችው። ግምቱ አልያዘም፣ መድኃኒቱ ግን ሠራ። ዛሬ የሚታዘዘው ብግነትን ስለሚቀንስ ነው፤ ኢንፌክሽን ለማከም አይሰጥም። ከመገጣጠሚያ መድኃኒቶችም መከላከያን ብዙ ከማያዳክሙት አንዱ ነው። ጀርም ማስለመድ ካሳሰበህ ዓይንህን ለጉንፋን በሚዋጠው አሞክሳሲሊን ላይ አድርግ። ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን አይነካውም።

ከሰልፋሳላዚን ጋር ሁለት ነገር ያዝ። በፊት ኮትሪሞክሳዞል (እሱም ሰልፋ አለበት) ወስደህ ሽፍታ ወይም የአፍ መቁሰል ገጥሞህ ከነበረ የመጀመሪያውን እንክብል ሳትውጥ ለሐኪምህ ንገረው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ነጭ የደም ሴል አልፎ አልፎ በጣም ሊወርድ ስለሚችል የደም ምርመራ ቀጠሮህን አታሳልፍ። በመሃሉ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣብህ መድኃኒቱን አቁምና በዚያው ቀን ደምህን አስመርምር።